ተጎድቶ የተገኘ የጭልፊት ጫጩት፤ አለያየቱ፣ አያያዙና የመጀመሪያ እርዳታው

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

1. መግቢያ

በደጋና በወይና ደጋ የአገራችን ክፍሎች ጭልፊቶች በማሳ ዳር ባሉ ዛፎች፣ በባሕር ዛፍ ተክል፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢና በገደል ላይ ጎጆ ሠርተው ይራባሉ። ጫጩቶቻቸው ከጎጆ በሚወጡበት ወቅት አንዳንዶቹ መሬት ላይ ወድቀው ይገኛሉ። እረኞችና ገበሬዎች እንዲህ ያለውን ጫጩት ሲያገኙ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ነገሮች አንዱን ያደርጋሉ። ወይ በድንጋይ ይገድሉታል፤ ወይ እግሩን በገመድ አስረው ለልጆች መጫወቻ ይሰጡታል፤ ወይም አዝነውለት ወደ ቤት ወስደው እንጀራና ወተት ያበሉታል። ሦስቱም መንገዶች መጨረሻቸው አንድ ነው፤ ጫጩቱ ይሞታል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የልማት ሠራተኛውና የኅብረት ሥራ ማኅበሩ አባላት እርዳታ የሚያስፈልገውን ጫጩት ከማያስፈልገው ለይተው እንዲያውቁ፣ የተጎዳውንም ሳይጎዱትና ሳይጎዱ ወደ ባለሙያ እንዲያደርሱ ማስቻል ነው። ለምሳሌ የተወሰደው አውጉር የተባለው ጭልፊት ነው። ምክሩ ግን ለጉጉት፣ ለንስርና ለሌሎችም አዳኝ ወፎች ያገለግላል።

2. አውጉር ጭልፊትን ማወቅ

አውጉር ጭልፊት በከፍተኛ ቦታዎቻችን በብዛት ከሚታዩት አዳኝ ወፎች አንዱ ነው። ሳይንሳዊ ስሙን፣ ቡቴኦ አውጉር፣ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1836 ሲሆን የሰየመውም ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ከኢትዮጵያ በወሰደው ናሙና መሠረት ነው። ለአካለ መጠን የደረሰው ወፍ ጀርባው ጥቁር፣ ጅራቱ ቀይ ሸክላ መሰል ነው። ደረቱና ሆዱ ብዙውን ጊዜ ነጭ ነው፤ ሁለንተናው የጠቆረም አለ። ክብደቱ አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ነው። በስልክና በኤሌክትሪክ ምሰሶ፣ በአጥርና በክምር ጫፍ ላይ ተቀምጦ ወደ መሬት ሲመለከት ይታያል። ወጣቱ ግን ከወላጆቹ በመልክ ይለያል፤ ጀርባው ቡናማ፣ ሆዱ ፈዘዝ ያለ፣ ጅራቱም ቡናማ ሆኖ ጥቋቁር መስመሮች ያሉበት ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው ወጣቱን የሌላ ወፍ ዘር ይመስለዋል።

እናቲቱ አብዛኛውን ጊዜ 2 ዕንቁላል ትጥላለች። ዕንቁላሉ ለመፈልፈል 40 ቀን ገደማ ይወስዳል። ቀድሞ የተፈለፈለው ጫጩት ታናሹን ብዙ ጊዜ ስለሚገድለው ከአንድ ጎጆ የሚወጣው በአብዛኛው አንድ ጫጩት ብቻ ነው። እርሱም ከ7 እስከ 8 ሳምንት በጎጆው ይቆያል። ከወጣም በኋላ ማደን እስኪለምድ ድረስ ለተወሰኑ ሳምንታት ወላጆቹ ይመግቡታል። እንግዲህ መሬት ላይ የተገኘው ጫጩት የሁለቱ ወላጆች የዓመቱ ልፋት ብቸኛ ፍሬ ሊሆን እንደሚችል መገንዘብ ያስፈልጋል።

3. ስለ ጥቅሙና ስለሚነሣበት ቅሬታ

የአውጉር ጭልፊት ዋና ምግብ አይጥ፣ ፍልፈል፣ እባብ፣ እንሽላሊትና ትላልቅ ነፍሳት ናቸው። ቀን ይህ ወፍ፣ ሌሊት ደግሞ ጉጉት፣ በማሳና በጎተራ ዙሪያ ያለውን አይጥ ይቀንሳሉ። አንድ ትልቅ የጎተራ ጉጉት በአንድ ሌሊት 3 ወይም 4 ትንንሽ አይጦች ይበላል። ጉጉት የሟርት ወፍ ነው እየተባለ መገደሉ ገበሬውን ያለ ደመወዝ የሚያገለግለውን የጎተራ ዘበኛ ያሳጣዋል።

በሌላ በኩል ገበሬዎች የሚያቀርቡት ቅሬታ እውነትነት ስላለው ችላ ሊባል አይገባም። የዶሮ ጫጩት የሚነጥቁ አዳኝ ወፎች አሉ። ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ጅራቱ እንደ መንታ የተሰነጠቀው፣ በየመንደሩና በየቄራው የሚያንዣብበው ጭላት ነው። አውጉር ጭልፊትም አልፎ አልፎ የዶሮ ጫጩት ይወስዳል። ይሁን እንጂ ጭላት በነጠቀው ጫጩት ምክንያት በማሳው ዳር የተቀመጠው አይጥ አዳኝ ሲወገር ነገሩ «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» እንደሚባለው ይሆናል። ጫጩት እንዳይነጠቅ የሚረዱት መንገዶች የሚከተሉት ናቸው።

ሀ. የዶሮ ጫጩቶችን እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ድረስ በቅርጫት ወይም በመረብ በተከለለ ስፍራ ማቆየት፤
ለ. በግቢው ውስጥ ጫጩቶች ሊሸሸጉበት የሚችሉ ቁጥቋጦዎችን መትከል ወይም የዳስ ጥላ መሥራት፤
ሐ. የእርድ ተረፈ ምርትና የሞተ ዶሮ ጭላትን ስለሚስብ ወዲያውኑ መቅበር።

4. ጫጩቱ በእርግጥ ተጎድቷልን?

መሬት ላይ የተገኘ ጫጩት ሁሉ የተጎዳ አይደለም። ስለሆነም ከመያዙ በፊት ቢያንስ 50 ሜትር ያህል ርቆ ለግማሽ ሰዓት በጸጥታ መመልከት ያስፈልጋል። ውሻና ልጆች ከአካባቢው እንዲርቁ ይደረጋል። በሚታይበት ጊዜ ዕድሜውን እንደሚከተለው መገመት ይቻላል።

ሀ. ሁለንተናው በነጭ ጥጥ መሰል ላባ የተሸፈነና በእግሩ በሚገባ መቆም የማይችል ከሆነ ዕድሜው ከ2 ሳምንት አይበልጥም። ከጎጆ የወደቀ ነው፤ እርዳታ ያስፈልገዋል።
ለ. በክንፉና በጅራቱ ላይ አዲስ ላባ ብቅ ብቅ ያለ፣ ጥጥ መሰሉ ላባ ግን ገና ያልረገፈ ከሆነ ከ3 እስከ 5 ሳምንት ይሆነዋል። ይህም ወድቆ እንጂ በራሱ ፈቃድ አልወጣም።
ሐ. ሰውነቱ በላባ ተሸፍኖ በራሱ ላይ ብቻ ጥቂት ጥጥ መሰል ላባ የቀረ፣ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ሰው ሲጠጋው ክንፉን ዘርግቶ የሚያስፈራራ ከሆነ መብረር እየተማረ ያለ ወጣት ነው። ወላጆቹ በአቅራቢያው አሉ። ጉዳት ካልታየበት መነካት የለበትም። መንገድ ላይ ወይም ከብት በሚረግጠው ቦታ ከሆነ ብቻ በአቅራቢያው ባለ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል።

የሚከተሉት ምልክቶች ግን ወፉ በማንኛውም ዕድሜ ቢሆን መጎዳቱን ያሳያሉ።

- አንዱ ክንፍ ከሌላው ዝቅ ብሎ መንጠልጠል፤
- ደም፣ ቁስል፣ ትል ወይም ከቆዳ የወጣ አጥንት መታየት፤
- ራስን ማዘንበል፣ መንቀጥቀጥ፣ ጥፍርን ጨብጦ መዘርጋት አለመቻል፤
- ዓይንን ከድኖ መቀመጥና ሰው ሲጠጋ ምንም አለማድረግ፤
- የተቃጠለ ላባ ወይም የጠቆረ እግር፤
- የደረት አጥንት እንደ ቢላዋ ስለት ጎልቶ መዳሰስ። ይህ የብዙ ቀን ረሃብ ምልክት ነው።

5. ጤነኛውን ጫጩት ወደ ጎጆ ስለ መመለስ

የሰው እጅ የነካውን ጫጩት እናቱ ትተወዋለች የሚባለው አነጋገር ትክክል አይደለም። ስለዚህ ጉዳት የሌለበትን ጫጩት ወደ ጎጆው መመለስ ከሁሉ የተሻለው እርዳታ ነው። ጎጆው የሚደረስበት ካልሆነ ወይም በነፋስ ከፈረሰ፣ አንድ ቅርጫት ወስዶ ውኃ እንዳይቋጥር ታችኛውን ክፍል በጥቂቱ መብሳት፣ በውስጡ ደረቅ ጭራሮ መጐዝጐዝ፣ በዚያው ዛፍ ወይም በጎኑ ባለው ዛፍ ላይ በሚቻለው ከፍታ አጥብቆ ማሰርና ጫጩቱን በውስጡ ማስቀመጥ ይቻላል። ከዚያም ሰው ሁሉ ከሥፍራው ርቆ ከሩቅ ይጠባበቃል። ወላጆቹ የጫጩቱን ጩኸት ሲሰሙ መጥተው ይመግቡታል። ሲመሽ ካልመጡ ግን ጫጩቱ ወርዶ በሣጥን ውስጥ ያድርና ወደ ባለሙያ ይወሰዳል።

በዛፍ ላይ ስንወጣ ወላጆቹ ከኋላ መጥተው ራስን ሊመቱ ስለሚችሉ ወፍራም ቆብ ወይም ጋቢ በራስ ላይ ማድረግ ይገባል።

6. የተጎዳውን ስለ መያዝ

አዳኝ ወፍ ከምንቃሩ ይልቅ በጥፍሩ ይጎዳል። የጨበጠውን በቀላሉ አይለቅም። ስለዚህ አያያዙ እንደሚከተለው ይሁን።

ሀ. ጋቢ፣ ወፍራም ነጠላ ወይም ንጹሕ ጆንያ ከበላዩ ቀስ ብሎ ይጣልበት። ዓይኑ ሲሸፈን ይረጋጋል።
ለ. ክንፎቹን ወደ ጎኑ ሰብስቦ በሁለት እጅ ከጀርባው በኩል መያዝ። ከዚያም ሁለቱን እግሮች ከጥፍሩ በላይ ባለው ቦታ በአንድ እጅ ለይቶ መቆጣጠር።
ሐ. ደረቱ በፍጹም መጨበጥ የለበትም። ወፍ የሚተነፍሰው የደረቱ አጥንት ከፍና ዝቅ ሲል ነው። ደረቱን አጥብቆ የያዘ ሰው ባያውቀውም አፍኖ ይገድለዋል።
መ. ጥፍሩ በሰው እጅ ላይ ከተተከለ በጉልበት መጐተት አይገባም። እግሩን ወደ ታች ዘርጋ ሲያደርጉለት ጥፍሩ ይላላል። ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

7. ማቆያው ሣጥን

ወፉ ዞር ማለት የሚችልበት፣ ክንፉን ግን መዘርጋት የማይችልበት የካርቶን ሣጥን ይመረጣል። በጎኖቹ በምስማር ትንንሽ የአየር ቀዳዳዎች ይበጁለታል። ከታች ጨርቅ ወይም ጋዜጣ ይነጠፍለታል። የሽቦ ቀፎ ላባውን ስለሚሰባብር አይመከርም።

ጭድና ድርቆሽ ከሥሩ መነጠፍ የለበትም። በገጠር ከሁሉ ቀርቦ የሚገኘው ጭድ ስለሆነ ይህ ስሕተት ዘወትር ይፈጸማል። በጭድ ውስጥ የሚያድገው ሻጋታ በአዳኝ ወፎች ሳንባ ውስጥ ገብቶ አስፐርጊሎሲስ የተባለ በሽታ ያስከትላል። ክንፉ የዳነለት ወፍ በሳንባው ሊሞት ይችላል።

ሣጥኑ ጨለማ በሆነ፣ ጸጥታ ባለበት፣ ጭስ በሌለበት ክፍል ይቀመጣል። ወፉ ከቀዘቀዘ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውኃ ሞልቶ በጨርቅ ጠቅልሎ በሣጥኑ በአንድ በኩል ማኖር ይጠቅማል፤ በሌላው በኩል ሙቀቱ ሲበዛበት የሚርቅበት ቦታ መተው አለበት። ሣጥኑን በየጊዜው እየከፈቱ ለጎብኚ ማሳየት ወፉን በድንጋጤ ይገድለዋል።

8. ስለ ውኃና ምግብ

በአፉ ውኃ ማንቆርቆር የተከለከለ ነው። የትንፋሽ ቧንቧው መግቢያ ከምላሱ ሥር ስለሆነ ውኃው በቀላሉ ወደ ሳንባው ይገባል። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ወተት፣ ጨው ወይም በርበሬ የነካው ሥጋ አይሰጠው።

ወፉ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ የሚደርስ ከሆነ ምግብ ሳይሰጡት ማድረስ የተሻለ ነው። የማይደርስ ከሆነ አስቀድሞ ይሞቅ። ከዚያም ስብና አጥንት የሌለው ትኩስ ቀይ ሥጋ የጣት ጥፍር በሚያህል መጠን ተቆርጦ በንጹሕ ውኃ ከተነከረ በኋላ በጥቂት በጥቂቱ በእንጨት መቆንጠጫ ይቅረብለት። በጣም የከሳው ወፍ በአንድ ጊዜ ብዙ ከበላ ሊሞት ይችላል።

ወፉ ከተወሰኑ ቀናት በላይ የሚቆይ ከሆነ ሥጋ ብቻውን አይበቃም። በማደግ ላይ ያለ ጫጩት ያለ አጥንት ሥጋ ብቻ ሲመገብ ካልሲየም ስለሚያጣ እግሩ ይጎብጣል፤ አጥንቱም ይሰበራል። ጤናው ሲመለስ ከነአጥንቱና ከነጸጉሩ አይጥ ያስፈልገዋል። የቀን ምግቡ የክብደቱ አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ጸጉሩንና አጥንቱን በማግሥቱ አድበልብሎ ይተፋዋል፤ ይህ በሽታ አይደለም። በመርዝ የሞተ ወይም በምን እንደሞተ ያልታወቀ አይጥ ግን ፈጽሞ አይሰጠው።

9. የጉዳቱ ምክንያቶች

ሀ. መርዝ። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ከሁሉ ይልቅ ሊያስብበት የሚገባው ይህ ነው። በእህል ማከማቻ ዚንክ ፎስፋይድ ወይም ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ የአይጥ መርዝ ሲደረግ፣ መርዙን የበላው አይጥ ወዲያው ሳይሞት ወደ ማሳ ይወጣል። ሲንገዳገድ የታየውን አይጥ ጭልፊቱ በቀላሉ ይይዘውና ለጫጩቱ ያደርሰዋል። እንዲህ ሲሆን ማኅበሩ አይጡን ለማጥፋት ባወጣው ገንዘብ አይጥ አዳኙን ያጠፋል ማለት ነው። መርዝ በተደረገ ቁጥር የሞቱትን አይጦች ጠዋትና ማታ ለቅሞ በጥልቅ መቅበር ያስፈልጋል።

ለ. ኤሌክትሪክ። ወጣቱ ወፍ ምሰሶ ላይ ሲቀመጥ ክንፉ ሁለት ሽቦ ከነካ ይቃጠላል። ቃጠሎው በመጀመሪያው ቀን ጎልቶ ላይታይ ይችላል። በሽቦ ላይ የተንጠለጠለን ወፍ ማንም ሰው በእንጨትም ቢሆን ለማውረድ መሞከር የለበትም።

ሐ. ስብራት። ክንፍን በቀርከሃና በገመድ እንደ ሰው እጅ ማሰር አይገባም። የወፍ አጥንት በ3 ሳምንት ገደማ ስለሚገጥም ጠምሞ ከገጠመ ዳግመኛ አይበርም። ጠባብና ጨለማ ሣጥን እስከ ክሊኒክ ድረስ በቂ ድጋፍ ነው።

10. ለእንስሳት ጤና ባለሙያው

ክሊኒኩ በአብዛኛው ለከብት፣ ለበግና ለዶሮ የተዘጋጀ ስለሆነ የሚከተሉት ነጥቦች ይታወሱ።

- ፈሳሽ ከምግብ ይቀድማል። የዕለት ፍጆታው ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት 50 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ለብ ያለ ሪንገር ላክቴት ተከፋፍሎ በብሽሽቱ በኩል ከቆዳ ሥር ሊሰጥ ይችላል።
- ፕሮኬይን ያለበት ፔኒሲሊን ለወፎች መርዛም ሊሆን ስለሚችል አይመረጥም።
- ዳይክሎፌናክ ለወፍ አይሰጥ። ይህ መድኃኒት የታከመ ከብት ሬሳ የበሉ ጥንብ አንሣዎችን ኩላሊት በማጥፋት በሕንድና በአካባቢው አገሮች መንጋቸውን እንደጨረሰ እ.ኤ.አ. በ2004 ከታወቀ በኋላ ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል በ2006 ለእንስሳት ሕክምና እንዳይውል ከልክለዋል።
- አጥንቱ ከመጋጠሚያው አጠገብ ተሰብሮ ከቆዳ የወጣና የደረቀ ከሆነ ወፉ ዳግመኛ የመብረር ተስፋው አነስተኛ ነው። ከስቃይ ማሳረፉ አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ ውሳኔው የባለሙያው ብቻ ነው።

11. ለሰውና ለዶሮ የሚደረግ ጥንቃቄ

የዱር ወፍ ለዶሮ የፈንግልና የወፍ ጉንፋን በሽታ ሊያስተላልፍ ስለሚችል ከዶሮ ቤት መራቅ አለበት። ወፉን የነካ ሰው እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ወደ ዶሮዎቹ አይግባ። ጓንት ከሌለ የፕላስቲክ ከረጢት በእጅ ላይ ማድረግ ይቻላል። በአንድ አካባቢ ብዙ ወፎች በአንድ ጊዜ ሞተው ከተገኙ ማንም እንዳይነካቸው ተደርጎ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ወዲያውኑ ይነገር።

12. ስለ ሕጉና ስለ መረጃው

የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደንንና ይዞ መገኘትን ይከለክላል። ስለዚህ ጫጩቱ ለእርዳታ ሲያዝ በዚያው ቀን ለወረዳው ማሳወቅ፣ በወረዳውም በኩል ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ማስታወቅ ይገባል። የተገኘበት ቀን፣ ሰዓት፣ የቀበሌው ስም፣ የዛፉ ቦታና የታየው ምልክት በወረቀት ይመዝገብ፤ ወፉ ሲድን የሚለቀቀው በዚያው ቦታ ነውና። በእግሩ ላይ ቀለበት ካለ ቁጥሩና ፊደሉ ይጻፍ እንጂ አይፈታ። ከአውሮፓና ከእስያ ወደ አገራችን ለክረምታቸው የሚመጡ ንስሮችና ጥንብ አንሣዎች እንዲህ ያለ ቀለበት ሊኖራቸው ይችላል።

13. ስለ መልቀቅ

ለብቻው በሰው እጅ ያደገ ጫጩት ሰውን ወላጁ አድርጎ ይቆጥራል። ሲለቀቅም ምግብ ፍለጋ ወደ ሰው ስለሚጠጋ በድንጋይ ይሞታል። በመሆኑም በቤት የሚቆይበት ጊዜ ያጠረ ይሁን፤ ሲመገብም በተቻለ መጠን ሰው አይታየው፤ አይዳሰስም። ጉዳቱ ቀላል ከሆነና በጥቂት ቀናት ከዳነ ወላጆቹ ወዳሉበት ቦታ መመለሱ ይመረጣል፤ ማደንን የሚያስተምሩት እነርሱ ናቸውና። የሚለቀቀውም ዝናብና ኃይለኛ ነፋስ በሌለበት ቀን፣ በማለዳ፣ ከፍ ካለ ቦታ ይሁን።

14. ማጠቃለያ

የልማት ሠራተኛው በቀበሌ ስብሰባና በትምህርት ቤት ለእረኞች አስቀድሞ ሊነግራቸው የሚገባው በአጭሩ ይህ ነው።

1ኛ. ርቀህ ተመልከት፤ ጤነኛውን ተወው።
2ኛ. ወድቆ ያልተጎዳውን ወደ ጎጆው መልሰው።
3ኛ. የተጎዳውን በጨርቅ ሸፍነህ በሣጥን አኑረው፤ ውኃ አታንቆርቁርበት፤ ጭድ አታንጥፍለት።
4ኛ. በዚያው ቀን ለልማት ሠራተኛው ንገር።

ማኅበሩም በበኩሉ አንድ የካርቶን ሣጥን፣ አንድ ወፍራም ጨርቅና ጥንድ ጓንት በመጋዘኑ ቢያኖር ወጪው እጅግ አነስተኛ ነው። መርዝ የበላውን አይጥ የሚለቅምና የሚቀብር ሰው ቢመድብ ደግሞ ብዙ ጫጩቶች ሣጥኑ ሳያስፈልጋቸው ያድጋሉ።